ጋኑ ሲገነፍል፦ በራያ ቆላ ጠላ ለምትጠምቁ

የወልድያ ሰው ቆቦ ወርዶ ጠላ ሲጠምቅ የመጀመሪያው ድፍድፍ ብዙ ጊዜ ወለል ላይ ነው የሚያልቀው። ልኩ የእናቱ ልክ ነው፤ ጌሾውም፣ ብቅሉም፣ እንኩሮውም ደጋ ላይ እንዳየው ነው። ማታ ደፍድፎ ይተኛል። ሌሊት ክዳኑ ይንጋለላል፣ አረፋው በጋኑ ጎን ይወርዳል፣ ሲነጋ ዝንብ ወርሮት ያገኘዋል። ከዚያ የጎረቤት ምክር ይመጣል፦ “ድንጋይ ጫንበት”፣ “ጌሾ ነስንስበት”። ሁለቱም ነገሩን ያብሱታል። ለምን እንደሚያብሱት ቦታው ሲደርስ እነግራችኋለሁ።

ወልድያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ ናት፤ ቆቦ ደግሞ 1,470 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ የሙቀቱ ልዩነት ግን በከፍታው ብቻ 4 ዲግሪ ይጠጋል። ከኮረም ለሚወርድ ሰው 6 ይደርሳል። እርሾ ደግሞ ሙቀት ይወዳል፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር ሥራው በግምት እጥፍ ይሆናል። በዚያ ላይ የሚፈላ ድፍድፍ ራሱ ሙቀት ያወጣል። ስለዚህ ቤቱ 30 ዲግሪ ከሆነ የጋኑ ሆድ ከዚያም በላይ ነው። ደጋ ላይ ቀስ ብሎ የሚወጣው ጋዝ ቆላ ላይ ቶሎ ልውጣ ይላል።

ጋዙ ምን ያህል እንደሆነ ብታውቁ አትገረሙም። እርሾ ከ1 ኪሎ ስኳር ከ250 ሊትር በላይ የሚሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። ያ ሁሉ በአንድ አፍ ነው የሚወጣው። ልታግዱት አትችሉም። ልታዘገዩት ግን ትችላላችሁ፤ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ለዚያ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በአካባቢያችን የገነፈለ ጠላ “ጠንካራ ነው” ተብሎ ይወደሳል። እኔ አልስማማም። በሙቀት የተጣደፈ እርሾ ከባድ አልኮሎችንና ቀለም ማቅጠኛ የሚሸት ነገር ይተፋል፤ ቶሎም ይደክማል፤ ከደከመ በኋላ ቦታውን የሚይዙት ኮምጣጣ የሚያደርጉት ተሐዋስያን ናቸው። ሰርግ ላይ በሁለተኛው ቀን የሚኮመጥጠው ጠላ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የገነፈለው ነው።

1. ዕቃውንና ቦታውን ምረጡ

ጋን ካላችሁ ጋን ይሻላል። ፕላስቲክ በርሜልም ይሠራል፤ ነገር ግን ቀድሞ ኬሚካል ወይም ነዳጅ የተያዘበትን በምንም ዋጋ አትግዙ፤ ሽታው ቢለቅም የሰረገው አይለቅም። የቆርቆሮ በርሜልም አይሆንም፤ ጠላ ኮምጣጣ ስለሆነ ብረቱን ያሟሟል።

ዋናው ነገር ባዶ ቦታ መተው ነው። ደጋ ላይ እስከ አንገቱ የሚሞላው ጋን ቆቦ ላይ በድፍድፍ ጊዜ ከሁለት ሦስተኛው ማለፍ የለበትም። 60 ሊትር የሚይዝ ዕቃ ካላችሁ 40 ሊትር ደፍድፉ። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ሙቀት ግማሹን ብቻ ብትሞሉ እንኳ አትጸጸቱም። “ቦታ ባከነ” የሚለው ሐሳብ ነው በየዓመቱ ወለል የሚያስጠርገው።

የስንዴ ብቅል የምትጠቀሙ ከሆነ ከዚህም በላይ ተጠንቀቁ። የስንዴ ፕሮቲን አረፋውን አጽንቶ ይይዘዋል፤ የገብስ ብቅል አረፋ ሲፈርስ የስንዴው እንደ ቆብ ቆሞ ይቀራል፣ ከሥሩ የሚመጣው ጋዝም ወደ ላይ ይገፋዋል። ባቫሪያ ውስጥ የስንዴ ቢራ የሚጠምቁ ጀርመኖችም ይኸው ችግር አለባቸው፤ አንዳንዶቹ ቢራውን የሚያፈሉት አፉ ሰፊና ክፍት በሆነ ገንዳ ውስጥ ነው። ያለ ምክንያት አይደለም።

ቦታው ፀሐይ የማያገኘው፣ ከምድጃ የራቀ፣ የአፈር ወለል ያለው ክፍል ይሁን። ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ጠባብ ክፍል ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ምጣድ ነው። የጭቃ ቤት ካላችሁ የጭቃውን ቤት ምረጡ። ጋኑን እስከ ወገቡ መሬት ውስጥ መቅበር ከሁሉ የበለጠ ነው፤ አፈሩ ቀንና ሌሊት ብዙ አይለዋወጥም።

መስኮት ይኑረው። ይህን ለአረፋው ሳይሆን ለእናንተ ነው የምለው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ይከብዳል፣ አይሸትም፣ ወለል ላይ ይተኛል። ብዙ ጋን በሚፈላበት ዝግ ክፍል ውስጥ ሕፃን መሬት ላይ አታስተኙ፤ “እንዴት ነው ሽታው” ብላችሁም ጭንቅላታችሁን ወደ ጋኑ ሆድ አታስገቡ።

2. እጠቡ፣ አጥኑ

ይህን ስለምታውቁት አላረዝመውም። በግራዋ ፈትጉ፣ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁ፣ በወይራ አጥኑ። የፕላስቲክ በርሜልን ግን አታጥኑ፤ በፈላ ውሃ አለቅልቁት። ያልጸዳ ዕቃም አረፋ ያመጣል፤ ነገር ግን ያ አረፋ ሙጫ ይመስላል፣ ይሳባል፣ ይሸታል። እሱን ማብረድ አያድነውም።

3. ጥንስሱን በቀን ሳይሆን በምልክት ለኩ

ጌሾውን በውሃ በጥብጣችሁ ስታስቀምጡ “ሦስት ቀን” ወይም “አምስት ቀን” የሚለውን የደጋ ቆጠራ ተዉት። በየጠዋቱ ክፈቱና ተመልከቱ። ቅጠሉ ወደ ላይ ተንሳፍፎ፣ ጥቃቅን አረፋ ጠርዙን ከከበበው፣ ሽታውም ከቅጠል ሽታ ወደ ፍሬ ሽታ ካዘነበለ ደርሷል። ቆላ ላይ ይህ ቶሎ ይሆናል። የደረሰ ጥንስስ በሙቀት ሲቆይ እርሾው በጣም ይበዛል፤ ያን ያህል እርሾ ላይ እንኩሮ ስትደፉበት ለሰደድ እሳት ጭድ እንደ መጨመር ነው።

ብቅሉን ለሁለት ክፈሉት። ግማሹ ጥንስሱ ላይ፣ ግማሹ ድፍድፉ ከተጀመረ በሚቀጥለው ቀን ይግባ። ብቅል የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር የሚለውጠው ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከገባ ስኳሩም በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ለሁለት ሲከፈል እርሾው ገበታው በየተራ ይቀርብለታል። በደጋ ልክ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከብቅሉ አንድ አራተኛ ቀንሱ፤ በሙቀት የቀረው ብቅል ይበቃል።

4. እንኩሮውን አብርዱ፣ ደግሞ አብርዱ

ከሁሉም ስሕተት የሚበዛው እዚህ ነው። የደጋ ሰዎች እንኩሮውን “ለብ ሲል” ይጨምራሉ፤ ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ለብታው እርሾውን ያነሣሣዋልና ልክ ናቸው። ቆቦ ላይ ግን ማንም እርሾን ማነሣሣት አያስፈልገውም።

እንኩሮ ተንኮለኛ ነው። ላዩ ሲነካ ቀዝቃዛ፣ ሆዱ ግን እሳት ነው። ደጋሊትም ሆነ ጅጉርቲ ማሽላ ብትጠቀሙ የማሽላ ዱቄት በደንብ ካልበሰለ ስታርቹ ለብቅሉ አይከፈትም፤ ስለዚህ በደንብ ታበስሉታላችሁ፤ በደንብ ሲበስል ደግሞ ጓሉ ሙቀቱን ለሰዓታት ይይዛል። መፍትሔው መበተን ነው። ንጹሕ ሰፌድ ወይም ሰፊ ትሪ ላይ ከሁለት ጣት ባልበለጠ ውፍረት ዘርጉት፣ ጓሉን ሰባብሩት፣ በቀጭን ነጠላ ሸፍናችሁ ተዉት። ከዚያ መካከሉን ቆፈር አድርጋችሁ በእጃችሁ አንጓ ውስጠኛ ገጽ ንኩት። ሙቀት ከተሰማችሁ አልበረደም። አንጓ ላይ ቀዝቀዝ ማለት አለበት።

የኩሽና ቴርሞሜትር ካገኛችሁ ከ25 ዲግሪ በታች ሲሆን አስገቡ። የትኩሳት መለኪያ አያገለግልም፤ ከ35 ዲግሪ በታች አያነብም። (እኔ ሞክሬዋለሁ፤ “ይህ እንኩሮ ጤነኛ ነው” ከማለት በቀር ምንም አልነገረኝም።)

ስለ አሻሮው አንድ ቃል፦ ጠቆር ብሎ የተቆላ እህል ለእርሾ የሚሆን ስኳር ያንሰዋል። ጠላው ጠይም እንዲሆን የምትወዱ ከሆነ አሻሮውን ጠቆር ማድረግ ፍላቱንም ትንሽ ይገራዋል። ማሳረር ግን አይደለም፤ ያረረ እህል ጠላውን ያመርረዋል።

5. በሁለት ጊዜ ደፍድፉ

ሰዓቱን ምረጡ። ጠዋት የተደፈደፈ ቀትር ላይ በሙቀቱ ጫፍ ላይ ይነሣል። ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ የተደፈደፈ ግን የመጀመሪያዎቹን 12 ሰዓታት በሌሊት ብርድ ያሳልፋል። ውሃውንም ቀድማችሁ በእንስራ ቅዱና አሳድሩት፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከዋለ ሮቶ የሚወርደው ውሃ ለሻይ የሚቀረው ትንሽ ነው።

የመጀመሪያው ማታ ጥንስሱን፣ ቂጣውንና የእንኩሮውን ግማሽ አስገቡ፣ ውሃም በልኩ ጨምሩ። በማማሰያ ከታች ወደ ላይ አንድ ጊዜ በደንብ አዋሕዱ። ክዳኑን ደፋ አድርጉት እንጂ አትጫኑት፤ ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ ብታደርጉ ዝንብ ይከለክላል፣ ጋዝም ያሳልፋል። በሚቀጥለው ማታ፣ የመጀመሪያው ግፊት ሲተነፍስ፣ የቀረውን እንኩሮና የቀረውን ብቅል አስገቡ።

ሁለተኛውን ስታስገቡ ደረቅ ዱቄት እንዳለ አትበትኑ። “ጌሾ ነስንስበት” የሚለው ምክር ጥፋቱም ይኸው ነው። በመፍላት ላይ ያለ ድፍድፍ በጋዝ የጠገበ ነው፤ እያንዳንዷ ደረቅ ቅንጣት ጋዙ የሚሰበሰብባትና የሚፈነዳባት ቦታ ትሆናለች። አንድ እፍኝ ዱቄት ጣል ስታደርጉ ጋኑ ፊታችሁ ላይ ይተፋል። ብቅሉን መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ እንደ አጥሚት በጥብጡትና በጎን በኩል ቀስ አድርጋችሁ አንቆርቁሩት። ጌሾው መራራነቱ ለጣዕምና አንዳንድ ተሐዋስያንን ለመግታት ነው እንጂ እርሾውን ዝም አያሰኝም።

6. ጋኑን አልብሱት፣ አጠጡት

የራያ ቆላ አየር ደረቅ ነው፤ ይህ የጠማቂ ወዳጅ ነው። እርጥብ ጨርቅ ሲደርቅ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። 1 ሊትር ውሃ ሲተን የሚወስደው ሙቀት 50 ሊትር ድፍድፍን ከ10 ዲግሪ በላይ ለማቀዝቀዝ የሚበቃ ነው። በእርግጥ ከዚያ ውስጥ ብዙው ከአየሩ ነው የሚወሰደው፤ የቀረው ግን ለእኛ ይበቃል።

የቃጫ ጆንያ ፈልጉ። የማዳበሪያ ጆንያ ፕላስቲክ ስለሆነ ውሃ አይዝም፤ ካጣችሁ አሮጌ ጋቢ ይሁን። ጋኑን ከአንገቱ እስከ ታች ጠቅልሉት፣ በገመድ እሰሩት፣ የጆንያውም ጫፍ ሰፊ ሳፋ ውስጥ ባለ ውሃ ውስጥ ይግባ። ጨርቁ ራሱ ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ እናንተ ጠዋትና ማታ፣ ቀትር ላይም አንድ ጊዜ በጣሳ ከላይ ታጠጡታላችሁ። ነፋስ የሚያልፍበት ቦታ ከሆነ ውጤቱ ይጨምራል። ነፋስ በሌለው ዝግ ክፍል ውስጥ እርጥብ ጆንያ ክፍሉን ያወርዘዋል እንጂ ጋኑን አያበርደውም።

በነሐሴ፣ ለሶለል በዓል ስትጠምቁ፣ ነገሩ ይለወጣል። ዝናብ ሲጥል አየሩ እርጥብ ስለሆነ ጨርቁ ቶሎ አይደርቅም፣ ማብረዱም ይቀንሳል። ያን ጊዜ መብራት ካለና ፍሪጅ ያለው ጎረቤት ካላችሁ ሁለት ሦስት የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ በረዶ አድርጉና በሳፋው ውሃ ውስጥ፣ በጋኑ ዙሪያ አቁሟቸው። በረዶውን ድፍድፉ ውስጥ አትጨምሩ፤ ውሃው ያልፈላ ከሆነ ሌላ ጣጣ ታስገቡበታላችሁ፣ ጠላውንም ታቀጥኑታላችሁ።

ወደ 20 ዲግሪ ከወረደ አቁሙ። በጣም የበረደ እርሾ ይተኛል፤ ሲሞቅ በአንድ ጊዜ ይነሣና ሥራችሁን ሁሉ ይመልሰዋል። የምትፈልጉት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ መካከል የረጋ ሙቀት ነው። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ጆሯችሁን ጋኑ ላይ ለጥፉ፦ ቡልቅ፣ ቡልቅ የሚል ከሆነ ደኅና ነው፤ እንደ ዝናብ ሳያቋርጥ የሚንሿሿ ከሆነ ጆንያውን አጠጡ።

7. ይህ ሁሉ ሆኖ ቢገነፍልስ?

መጀመሪያ ክዳኑን አንሡ፣ አትጫኑ። ድንጋይ የጫነ ሰው ጋዙን አላቆመም፤ የሚወጣበትን ሰዓት ነው ያዘገየው። እኔ በአንድ ወቅት የፕላስቲክ በርሜል ክዳን ጥርቅም አድርጌ ጠምዝዤ፣ ሌሊት ክዳኑ የጣሪያውን ቆርቆሮ ሲነርት ተነሥቻለሁ። በመካከሉ ሰው ቢኖር ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከዚያ አንድ አራተኛውን ወደ ሌላ ንጹሕ ዕቃ ቀንሱ። እንስራም ቢሆን ባልዲም ቢሆን ይሁን፤ ታጥቦ በፈላ ውሃ የተለቀለቀ ይሁን። ቀስ ብላችሁ በጣሳ ቅዱ፤ ዕቃውን ማዘንበልና ማናወጥ አረፋውን ይቀሰቅሰዋል። እስኪረጋ ድረስ በሁለቱ ዕቃ ውስጥ ያለውን አትቀላቅሉት፤ ሲረጋ መልሱት።

አረፋውን በማንኪያ እየገፈፋችሁ አትጣሉ፤ እርሾ አለበት። ወደ ውጭ የፈሰሰውን ግን ወደ ጋኑ አትመልሱት፣ ስስት እንዳይዛችሁ፤ ከወለሉ የመጣው ሁሉ ከእሱ ጋር ይገባል። የጋኑን አንገትና ጎን በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፤ የደረቀ ጥፍጥፍ ለዝንብ ግብዣ ነው፣ ዝንብ ደግሞ ኮምጣጤን ይዛ ትመጣለች።

አንዳንዶች አንድ ሁለት ጠብታ የምግብ ዘይት ያንጠባጥባሉ። አረፋው በእርግጥ ይወድቃል። ነገር ግን ጠላው ሲቀዳ አረፋ አይኖረውም፣ ሲቆይም ዘይቱ ይሻግታል። ሌላ ምንም መንገድ ከሌለ እንጂ አልመክርም።

8. ሲረጋ ሙሉት፣ ከዚያ ምረጉት

ድፍድፉ የተረጋጋ መሆኑን በሦስት ነገር ታውቃላችሁ፦ ላይ የነበረው ቂጣና እንኩሮ ወደ ታች መውረድ ይጀምራል፣ አረፋው ከቆብ ወደ ቀለበት ይቀንሳል፣ ጣዕሙም ጣፋጭነቱን ትቶ መረር ይላል። ጣፋጭ ሆኖ ሳለ የምትመርጉት ጋን ገና ስኳር አለው፤ ስኳር ያለው ደግሞ ገና ጋዝ አለው።

ውሃውንም በሁለት ቀን ሙሉት። በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገውን ግማሽ፣ በነጋታው የቀረውን። በዚህ ጊዜ ባዶ ቦታው ወደ አንድ ስድስተኛ ቢያንስ ችግር የለም። ጭቃውን ስትመርጉ በጎን በኩል ስንደዶ የምታልፍበት ቀዳዳ ተዉለት፤ ሁለት ቀን ካለፈና ምንም ካልተነፈሰበት ትደፍኑታላችሁ። በፕላስቲክ በርሜል የምትሠሩ ክዳኑን ቀዳችሁ ቀጭን ንጹሕ ቱቦ አስገቡ፣ ዙሪያውን በሊጥ ወይም በሰም ድፈኑ፣ የቱቦውን ሌላ ጫፍ ግማሽ ውሃ ባለበት የሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ንከሩት። የጠርሙሱ አፍ ክፍት ይሁን። ጋዙ በውሃው በኩል ይወጣል፣ ዝንብና አየር ግን አይገቡም፤ የውሃው ቡልቅታ ሲቋረጥ ጠላው ራሱ “ደርሻለሁ” ይላችኋል። ከዋጃ ወዲያ ማዶ ጠላን ስዋ ብለው ለሚጠምቁትም ይኸው ይሠራል።

9. ወደ ጀሪካን ስትቀዱ

ጉሹን አጥልላችሁ ለማኅበር፣ ለዝክር ወይም ለሰርግ በጀሪካን የምታጓጉዙ ከሆነ ፍላቱ አላለቀም ብላችሁ አስቡ። ማጥለል እርሾውን አያስቀርም። ጀሪካኑን ሙሉ አትሙሉት፤ አንድ እጅ ስፋት ተዉለት። ክዳኑን ጠምዝዛችሁ ግማሽ ዙር መልሱ። የብርጭቆ ጠርሙስ ፈጽሞ አትጠቀሙ፤ ፕላስቲክ ሲያብጥ ይታያል፣ ብርጭቆ ግን ሳያስጠነቅቅ ይፈነዳል። ይህ ቀሪቦ ለምታዘጋጁም ያው ነው፤ ስኳር ገብቶበት ሙቀት ውስጥ ያደረ ቀሪቦ ባያሰክርም ይፈነዳል።

ከቆቦ ወደ ጎብዬ ወይም ወደ ሮቢት በባጃጅ የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ሂዱ፣ ጀሪካኑን እርጥብ ጆንያ አልብሱት፣ በእግራችሁ መካከል ቀጥ አድርጋችሁ ያዙት። መንገዱ ሲያናውጠው ጎኑን በመዳፍ ጫን አድርጉ፤ እንደ ከበሮ ከጠነከረ ባጃጁን አስቁሙ፣ ክዳኑን ቀስ እያላችሁ አስተንፍሱ፣ ፊታችሁን ዞር አድርጉ።